ኳሱ ለሁሉም ይድረስ
ለጀማሪ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በላሊበላ ከተማ ወይም በላስታ ገጠር የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር «ከዛሬ ጀምሮ የቅርጫት ኳስ ቡድኑን አንተ ያዝልን» ቢባል ምን ያደርጋል? ጨዋታውን በቴሌቪዥን ከማየት በቀር አያውቀውም። ሜዳው ጠጠር ነው፤ ኳሱ አንድ ነው፤ ልጆቹ ሃያ ናቸው። «እኔ ምን አውቄ!» ብሎ ይሸሽ? ወይስ ፊሽካ አንጠልጥሎ መጮህ ይጀምር? ከሁለቱም የተሻለ መንገድ አለ፤ በዛሬው ዝግጅታችን እርሱን እንመለከታለን፤ ኢንሻ አላህ።

በቅድሚያ የጨዋታውን አጀማመር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ናይስሚዝ ለተባለ የ30 ዓመት መምህር በክረምቱ ብርድ ከቤት ውለው የተሰላቹ 18 ተማሪዎች ተሰጡት። እርሱም ሁለት የኮክ ቅርጫቶችን ከሰገነት ላይ ቸነከረ፤ 13 ደንቦችን ጻፈ፤ የእግር ኳስ አምጥቶ ዘጠኝ ለዘጠኝ አጫወታቸው። የመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 አለቀ። እንግዲህ የጨዋታው ፈጣሪ ራሱ የጀመረው በእጁ በነበረው ነገር ነው።

በእነዚያ ደንቦች መሠረት ኳስ የያዘ ተጫዋች መሮጥ አይችልም ነበር፤ ከቆመበት ሆኖ ለጓደኛው መወርወር ነበረበት። ኳስ እያነጠሩ መሄድ የመጣው በኋላ ነው። ይህ ለላስታ ሜዳ ጥሩ ትምህርት ነው። በጠጠር ላይ የነጠረ ኳስ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ ጀማሪው አሰልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለቅብብል ይስጥ። ኳስን በሁለት እጅ ከደረት መወርወር፣ በሁለት እጅ መቀበል፣ አንድ እግር ተክሎ በሌላው መዞር፤ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። አምስት ለአምስት አሰልፎ «ሳያነጥር አሥር ጊዜ የተቀባበለ ቡድን ነጥብ ያገኛል» ቢላቸው ቅርጫት እንኳ ሳይተከል ጨዋታ ይሆናል። የቀሩት አሥሩ ልጆች መከላከልን ይለማመዱ፤ ጉልበትን አጠፍ፣ እጅን ዘርጋ አድርጎ ወደ ጎን መንሸራተት ኳስ አይጠይቅም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይቀያየሩ። ቅርጫት ሲተከል የአዋቂዎች ቁመት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም መሆኑን ይወቅ፤ ለትንንሽ ልጆች ግን 2 ሜትር ከ60 ይበቃል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ደንብ ማወቅና ማሰልጠን አንድ አይደሉም። ናይስሚዝ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲያሰለጥን 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸንፏል። ስለዚህ ጀማሪው በሽንፈት አይፈር። የሚያሳፍረው ሌላ ነው፤ ረጃጅሞቹን ብቻ አጫውቶ አጫጭሮቹን ወንበር ጠባቂ ማድረግ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ላሊበላ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተነሳው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ይህን ሁሉ አልፎ ሜዳ የመጣን ልጅ «አንተ አትረባም» ብሎ መመለስ ምን ይባላል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እያንዳንዳችን ጠባቂ እንደሆንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ቡድንም አማና ነው።

ይህ አማና በጾም ወቅት ይበልጥ ይከብዳል። ሐኪም ኦላጁዎን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1995 ረመዷንን እየጾመ ተጫውቶ በአሜሪካው ሊግ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ያስደስታል። ነገር ግን እርሱ ሐኪምና ረዳት በዙሪያው ያሉት ጎልማሳ ነበር፤ የእርሱን ታሪክ በልጅ ላይ ጅራፍ ማድረግ አይገባም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደረቁ የደጋ አየር ከሰውነት ውሃ ቶሎ ያወጣል። በረመዷን ሩጫውን ቀንሶ ቅብብልና ውርወራን ከኢፍጣር በፊት ባለው ቀዝቃዛ ሰዓት ማድረግ ይቻላል። ራሱን ያዞረው ልጅ ወዲያው ጥላ ሥር ይቀመጥ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ሳይበሉ ይውላሉ፤ ለእነርሱም ያው ይደረግ። በወሎ አብሮ መኖር እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ይጸናል።

ስለ እህቶቻችንም አንድ ነገር እንበል። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ራስን መሸፈን የሚከለክለውን ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 አንስቷል። ስለዚህ «በሒጃብ አይቻልም» የሚል አሰልጣኝ ደንቡን አላወቀም ማለት ነው። ሒጃቡ በመርፌ ቁልፍ ሳይሆን በደንብ ገጥሞ የታሰረ ይሁን፤ ልጅቷም ትጫወት።

በመጨረሻም ለጀማሪው አሰልጣኝ አንድ መለኪያ እንስጥ። ልምምዱ ሲያልቅ «ስንት ነጥብ አስቆጠርን?» ከማለቱ በፊት «ዛሬ ኳስ ያልነካ ልጅ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ካለ፣ የነገው ልምምድ ከዚያ ልጅ ይጀምር።

አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ሰላምን፣ ለአሳዳጊዎቻቸው ትዕግስትን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።