ስድሳ አራት ዓመት በሕግ አውጪ ምክር ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በክርክር ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ የመረጥሁት ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦር ጀግና አይደለም። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስድሳ አራት ዓመት ስለ ሠሩት ስለ ሚስተር ፍሬድ ሪሰር ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በዋሽንግተን ካለው ምክር ቤት ሌላ የራሱ ሕግ አውጪ አለው። የዊስኮንሲን ሴኔት 33 አባሎች አሉት፤ ይህን ቍጥር ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሚስተር ሪሰር በ1927 በዋናው ከተማ በማዲሰን ተወለዱ። ቅድመ አያታቸው በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት አንድ ክንዳቸውን ያጡ መኰንን ነበሩ፤ እርሳቸውም፣ አያታቸውም፣ አባታቸውም በዚያው ምክር ቤት ተቀምጠዋል። ሆኖም ወንበሩን እንጂ ፓርቲውን አልተወራረሱም፤ አያት ሪፐብሊካን፣ አባት ፕሮግሬሲቭ፣ ልጅ ዴሞክራት ሆኑ።

ሕግ ተምረው በ1956 ሲመረጡ ዕድሜያቸው ሃያ ዘጠኝ ነበረ። በ1962 ወደ ሴኔቱ ተሻገሩ። ቀድሞ ሴኔቱን በሊቀ መንበርነት ይመራ የነበረው ምክትል አገረ ገዥው ነበረ፤ በ1979 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል ሴኔቱ ከራሱ መካከል የመረጠው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሚስተር ሪሰር ሆኑ። ሲጋራ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤት እንዳይጨስ ለብዙ ዓመታት ከተከራከሩት አንዱ ነበሩ፤ ሕጉ የወጣው በ2009 ነው። እንግዲህ ትዕግሥት ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል። በርግጥ ማዲሰን ለፓርቲያቸው የታመነች ከተማ ስለ ሆነች፣ በአንዳንድ ምርጫ ተፎካካሪ እንኳ አልቀረበባቸውም፤ ይህንም መሸሸግ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጥር 2011 ፓርቲያቸው ተሸንፎ ስለ ነበረ የፕሬዚዳንትነቱን ወንበር ለቀቁ። በየካቲት አገረ ገዥው ስኮት ዎከር አብዛኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ሆነው የመደራደር መብታቸውን የሚያጠብብ ረቂቅ አቀረቡ። ሪፐብሊካኖች 19፣ ዴሞክራቶች 14 ነበሩ። ገንዘብ ነክ ሕግ ለማጽደቅ ግን 20 አባሎች መገኘት ነበረባቸው። ስለዚህ አሥራ አራቱ ዴሞክራቶች ድንበር ተሻግረው የዊስኮንሲን ፖሊስ ሊይዛቸው ወደማይችልበት ወደ ኢሊኖይ ሄዱ። የሰማንያ ሦስት ዓመቱ ሽማግሌም አብረው ሄዱ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ በክርክር ክበባችን ተሸናፊ መሆኑን ያወቀ ወገን ተነሥቶ ቢወጣ ምን እንለዋለን? እኔ ራሴ ፈሪ ነው እል ነበረ። ነገር ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ በወንበሩ የጸና፣ ጉባኤውንም ለብዙ ዘመን በመዶሻ የመራ ሰው ጉባኤው እንዳይሞላ ብሎ ሲወጣ፣ ነገሩ ከፍርሃት ሌላ መሆኑን አምናለሁ። መራጮቹ የላኩት እንዲቀመጥ ብቻ አልነበረም። ይሁን እንጂ ብዙ ድምፅ ያገኘው ወገንም በሕዝብ የተመረጠ ነው፤ ጥቂቶች በመጥፋት ሥራውን ሁልጊዜ ካገዱት ምርጫ ለምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ ለእኔ ገና አልተፈታም።

መውጣታቸውም ሕጉን አላስቀረም። ሪፐብሊካኖች የገንዘቡን ክፍል ከረቂቁ አውጥተው የቀረውን መጋቢት 9 ቀን በ18 ድምፅ በ1 ተቃውሞ አሳለፉት። አሥራ አራቱ መጋቢት 12 ቀን ተመልሰው መጡ፤ በአደባባዩም ብዙ ሕዝብ ተቀበላቸው።

ሚስተር ሪሰር ከዚያ በኋላ በ2012 ከነበሩት ጥቂት ወራት በቀር በአናሳው ወገን ሆነው አሥር ዓመት ያህል ተቀመጡ። በጥር 2021 በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ወንበራቸውን ለቀቁ።