ቤት ከመግዛታችን በፊት ቤቱን የሚያይልን ሰው
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

በእድር ጉባኤ የሚነገረው ስለ ድንኳን፣ ስለ ብረት ድስት፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ ቅጣት ነው። ቤት መግዛትን እዚህ ምን አመጣው የሚል አባል ቢኖር አንፈርድበትም። ዳሩ ግን ልጆቻችን ከሰሚት እስከ አያት፣ ከጎሮ እስከ አራብሳ ቤት ለመግዛት ሲሉ ያላቸውንም የሌላቸውንም እያወጡ ስለሆነ፣ ይልቁንም እኛ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች በዚሁ ጉዳይ የሠራነው ጥፋት ስላለ፣ ሳንናገር ብንቀር ኅሊናችን አይፈቅድልንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቷን አብረን የቀበርንላት አንዲት እኅታችን፣ ልጇ ቤሩት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ የላከችላትን ገንዘብ ይዛ በጎሮ በኩል ቤት ልትገዛ ሆነ። «እናንተ ሽማግሌዎቼ ናችሁ፣ ቤቱን እዩልኝ» አለችን። እኛም እሺ ብለን በግንቦት ወር ሄድን። ከእኛ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሾፌር የነበረ ነው። ስለ ግንብ ከእኛ ይልቅ አህያ የበለጠ ታውቃለች ቢባል ሐሰት አይሆንም። ደላላው ይህን አይቶ ነው መሰል፣ «አይቸግራችሁ፣ ኢንጂነር አመጣላችኋለሁ» አለን። መጣ። ሸሚዙ ነጭ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ መብራቱን አብርቶ አጠፋ፣ «ይህ ቤት መቶ ዓመት ይቆማል» አለ። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ። ማኅተም ያለበት ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጠን። እኛ የቢሮ ሰዎች ደግሞ ማኅተም ካየን አለቀ፣ ሌላ አንጠይቅም። የባለቤቷን ቡና ጠጥተን መርቀን ተመለስን። ቤቱ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር፤ እኛ ንጽሕና ነው ያልነው።

ሐምሌ ሲገባ ከመስኮቱ ጥግ የተነሣ ስንጥቅ ሰያፍ እየሄደ ኮርኒሱን ነካ። የጓዳው በር አልዘጋ አለ። በነሐሴ የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ለነጭ ሸሚዙ ሰው ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው። በኋላ ስንሰማ፣ ሰውየው የሚከፈለው ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ከደላላው ኮሚሽን ተቆርጦ ኖሯል። እንግዲህ ቤቱን «አትግዙ» ቢል ኖሮ የዕለት እንጀራውን ባጣ ነበር። እኅታችን ዛሬ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች፤ ይህን እንድንናገር የፈቀደችልን እሷ ናት። ወቅሳን አታውቅም። ብትወቅሰን ይሻለን ነበር።

ስለሆነም ዛሬ ከሁሉ አስቀድመን የምንለው፣ ቤት የሚያይልንን ሰው ስንመርጥ ከዕውቀቱ በፊት ገንዘቡን ማን እንደሚከፍለው እንጠይቅ ነው። ገዢው ራሱ ይክፈለው፤ ቤቱ ተገዛም አልተገዛም ያንኑ ያህል ይከፈለው። ደላላ ያመጣው፣ ሻጭ ያመጣው፣ «የአክስቴ ልጅ ነው፣ በነጻ ያይላችኋል» የተባለው ሁሉ ይቅር። ደላላን ለመስደብ አይደለም፤ እሱም በልማድ ከመቶ ሁለት እየተባለ የሚኖር ሰው ነው፣ ሥራው ማገናኘት ነው። ሽያጩ ሲፈርስ የሚከስር ሰው ስለ ቤቱ ምስክር ይሁን ማለት ግን የእኛ ሞኝነት ነው።

ይህን እኛ የፈጠርነው አይደለም። በአሜሪካ አገር ቤት መመርመር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በፈረንጆች 1976 የተቋቋመ የቤት መርማሪዎች ማኅበር አላቸው፤ በዚያ ማኅበር ደንብ አንድ መርማሪ ክፍያው በሽያጩ መሳካት ላይ የተመሠረተ ሥራ እንዳይቀበል ተከልክሏል። ከዚህም ሌላ፣ ያየውን ጉድለት ራሱ በገንዘብ እንዳይጠግን እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይከለክለዋል። ለምን ቢባል፣ ጠጋኝ የሆነ እንደሆነ የሌለ ስንጥቅ ማየት ይጀምራላ! በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሙያ ገና ለብቻው አልወጣም። ያሉን መሐንዲሶች፣ ፎርማኖችና የቆዩ ግንበኞች ናቸው። ከእነሱ መካከል መምረጥ የእኛ ፈንታ ነው።

እኛም ካበላሸን በኋላ አንድ የቆዩ ግንበኛ ፈልገን ወሰድንላት። የኒያን ሽማግሌ አሠራር ያየ ሰው ነጭ ሸሚዝ አያታልለውም። ቱንቢና ውኃ ልክ ይዘው፣ መሰላል አሸክመው መጡ። ወደ ሳሎን ከመግባታቸው በፊት ቤቱን በውጭ በኩል ሁለት ጊዜ ዞሩት። አሸንዳው ውኃውን የሚያፈሰው መሠረቱ ሥር እንደሆነ አሳዩን። በአጥሩ ጥግ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ኮርኒሱን ከፍተው ገቡ፣ የፍሳሽ ክዳኑን አስነሡ። ከዚያ ስለ አፈሩ አስረዱን። ቦሌና የምሥራቁ ሰፈር በብዙ ቦታ ጥቁር አፈር፣ ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ደኅና ሠሪ ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ይተካል ወይም መሠረቱን ከሥሩ ያሳልፋል። ገንዘብ ያጠረው በላዩ ላይ ይገነባል። ጸጉር የምታህል የልስን መሰንጠቅ አያስጨንቅም፤ ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን የመሠረት ነገር ነው። አሮጌ ቤት ላይ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን በሉ አሉን። በግንቦት የተሸጠ ቤት ለምን በግንቦት እንደተሸጠ ያን ጊዜ ገባን።

በመጨረሻ በስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አስምረው ቀኑን ጻፉበት። «ከዚህ ካለፈ እየሄደ ነው፣ ካላለፈ ቆሟል» አሉ። እንግዲያው እርስዎ ይጠግኑልና ብንላቸው፣ «ያየሁት እኔ፣ የምጠግነው እኔ፤ ነገ ማን ያምነኛል?» ብለው እንቢ አሉ። የተቀበሉት ገንዘብ እኅታችን ለመጋረጃ ካወጣችው ያንስ ነበር።

ሰው ስትመርጡ እንግዲህ ይህን ጠይቁት፤ «አትግዙ ያልከው ቤት የቱ ነው?» በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቤት ያላስጣለ ሰው ወይ ቤት አላየም፣ ወይ አላየሁም ብሏል። ያያቸውን ቤቶች ባለቤቶች ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ሁለት ክረምት ያለፈባቸውን ቢሆን ይመረጣል። መሐንዲስ ነኝ ካለ የሙያ ምዝገባውን ያሳይ። ያየውን ጽፎ ይፈርም፤ ያላየውንም ይጻፍ። «ጣራው ላይ አልወጣሁም» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ሁሉም ደኅና ነው» ከሚለው ይታመናል። የባንክ ገማች አይቶታል ብላችሁም አትዘናጉ። እሱ የሚያየው ለባንኩ ነው፤ ብድሩ ቢበላሽ ቤቱ ዕዳውን ይችል እንደሆነ። ኮንዶሚንየም ለሚገዛም ነገሩ ያው ነው፤ ከላይ ያለው ጎረቤት መታጠቢያ ቤት የሚያፈስ እንደሆነ የእናንተን ኮርኒስ ብቻ ሳይሆን ደረጃ ወጥታችሁ እሱንም አንኳኩ።

የወረቀቱ ነገር የግንበኛ ሥራ ስላልሆነ ለብቻው ይታይ። ከሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም አዋጅ ወዲህ መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የምንገዛው ቤቱን ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለው ወሰንና መሬት ላይ ያለው አጥር አንድ መሆኑ በሜትር ይለካ። ዕዳና እገዳ እንዳለበት በክፍለ ከተማው ይጣራ። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ስለተቋቋመ፣ የቀድሞ ካርታ ቦሌ ቢልም ፋይሉ ዛሬ የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ፤ እኛ ሁለት ቀን ተንከራትተናል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ዘንድ ካልተመዘገበ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 አይጸናም። ሕጉ ሻጩን ለተሰወረ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ማንም ዓይን ያለው ሰው ሊያየው ይችል ለነበረው ጉድለት ግን «ለምን አላየህም?» ይላል።

አንዳንድ አባላት እድሩ ራሱ ቤት የሚያይ ሰው ይቅጠር ብላችኋል። እኛ አይመስለንም። እድሩ ከቀጠረው ደግሞ የእድሩ ሰው ይሆንና ይሉኝታ ይገባል። ይልቅስ በጸሐፊው እጅ አንድ ደብተር ከፍተናል። ቤቱን በሐቅ ያየለት ሰው ያለው አባል የሰውየውን ስምና ያስጣለውን ቤት ሰፈር ያስመዝግብ። እስከ ዛሬ የተመዘገቡት አራት ናቸው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰውንም ቢሆን የማያስገባ ገጽ ከኋላ ትተናል።

የእኅታችን ስንጥቅ ባለፈው ክረምት ከእርሳሱ መስመር አንድ ጣት አለፈ። አሸንዳው ተቀይሯል፣ ባሕር ዛፉ ተቆርጧል። የማስጠገኛውን ወጪ እኛ ሦስታችን ለመካፈል ተስማምተናል፤ ከእድሩ ሣጥን አንድ ሳንቲም አይነካም። በመጪው ሐምሌ ደግሞ ሽማግሌውን ይዘን መስመሩን ልናይ እንሄዳለን።