ፍርሃት ከአንጎል ይፋቃልን?

መኪና ተገልብጦበት በሕይወት የተረፈ ሰው፥ ቁስሉ ከሻረ በኋላ እንኳ ወደዚያ መንገድ በቀረበ ቁጥር ልቡ ይሸበራል፤ በላብም ይጠመቃል። ዘመዶቹ «ግድ የለም፥ ጊዜ ያስረሳዋል» ይላሉ። እርሱም መንገድ እየለወጠ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ከሥራው እስከ መቅረት ይደርሳል።

ለዚህ ደዌ በንግግርና በልምምድ የሚደረግ ሕክምና ከተገኘ ቆይቷል። ይኸውም ሰውየውን ከሚፈራው ነገር ጋራ በጥቂት በጥቂቱ ማገናኘት ነው። በኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ፥ ጥንቸል ይፈራ የነበረውን ሕፃን የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ከቀን ወደ ቀን እያቀረበች ፍርሃቱን እንዳስተወችው ጽፋለች። እንግዲህ ሕክምናው የአንጎልን ምርመራ ሳይጠብቅ ከተገኘ፥ ምርመራው ለሐኪሙ ምን ጨመረለት? ፍርሃት ለቀቀ በተባለ ጊዜ ወዴት እንደሚሄድ አስተማረው።

የነገሩ ፍንጭ ቀደም ብሎ ታይቷል። ሩሲያዊው ሊቅ ኢቫን ፓቭሎቭ ምግብ ከመስጠቱ በፊት ድምፅ እያሰማ ውሾቹን ስላስለመዳቸው፥ ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ምራቃቸው ይፈስ ነበር። ድምፁን ያለ ምግብ ደጋግሞ ባሰማቸው ጊዜ ምራቁ ቆመ። ጥቂት ካረፉ በኋላ ግን ያንኑ ድምፅ ቢሰሙ ምራቁ እንደ ገና ፈሰሰ። ጠፋ የተባለው ትምህርት አልጠፋም ነበርና።

ኋላ የተነሡት መርማሪዎች ይህንን በአንጎል ውስጥ ተከታተሉት። በአንጎል ውስጥ በግራና በቀኝ የለውዝ ፍሬ የሚመስል አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ አደጋን ከምልክቱ ጋራ አያይዞ በመያዝ ዋና ሥራ ይሠራል። ሰው የሚፈራውን ነገር ደጋግሞ አይቶ ሳይጎዳ ሲቀር፥ የቀድሞው ትምህርት በአብዛኛው አይፋቅም፤ «ይህ አሁን አይጎዳም» የሚል ሁለተኛ ትምህርት ይጨመርበታል፤ ከግንባር በስተ ኋላ ያለውም የአንጎል ክፍል የመጀመሪያውን እንዲገታ ይረዳል። በመዝገብ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ አሮጌው ደብዳቤ አይቀደድም። ከፋይሉ ሥር ይቀመጣል፥ ፈልጎ የሚያወጣውም አይታጣም።

ፈልገው ከሚያወጡት አንዱ ቦታ ነው። ማርክ ቡተንና ባልደረባው በ1979 ባሳተሙት ጥናት፥ አይጦች በአንድ ሣጥን ውስጥ የተማሩትን ፍርሃት በሌላ ሣጥን ውስጥ ከተዉት በኋላ፥ ወደ መጀመሪያው ሲመለሱ ፍርሃቱ እንደ ገና ታየባቸው። ፍርሃት በሄዱበት ሁሉ ይከተላል፤ መረጋጋት ግን ከተማሩበት ስፍራ ጋራ ይታሰራል።

እንግዲህ ልብ አድርጉ። በሐኪሙ ክፍል፥ ከሐኪሙ አጠገብ፥ በምቹ ወንበር ላይ ሆኖ የዳነ ሰው ገና በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው የዳነው። ስለዚህ ሚሼል ክራስክና ባልደረቦቿ በ2014 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ልምምዱ በልዩ ልዩ ቦታና ሰዓት እንዲደረግ፥ በሽተኛውም እንደ ክታብ የሚይዘውን ክኒን ወይም አጃቢውን ቀስ በቀስ እንዲተው መከሩ። አስቀድሞ «ምን ይደርስብኛል ትላለህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በኋላም የፈራው መድረሱና አለመድረሱ ይመዘናል።

አቋራጭ የፈለጉም አልታጡም። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን የተባለ መድኃኒት ትምህርቱን ያጠነክራል ተብሎ፥ በ2004 በወጣ ጥናት ከፍታን በሚፈሩ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ብዙዎችን አስደሰተ። በኋላ የተሰበሰበው ማስረጃ ግን ጥቅሙን አነስተኛ አድርጎ አሳየው። የአንጎል ፎቶግራፍም ቢሆን፥ ምንም ያህል በቀለም ቢያሸበርቅ፥ ሐኪሙ ከፊቱ ለተቀመጠው ሰው ምን ማለት እንደሚገባው አይነግረውም።

አለቆች የሆናችሁም አንድ ነገር አስቡ። የሚፈራውን ሠራተኛ ከሚፈራው ሥራ ለዘለዓለም ነጻ ማውጣት ርኅራኄ ይመስላል፤ ሁለተኛውን ትምህርት ግን ይከለክለዋል። በግድ ገፍቶ ማስገባትም ሕክምና አይደለም፤ እርሱ ራሱ ፈቅዶ ደረጃ በደረጃ ይግባበት። ከወራት በኋላ ፍርሃቱ ቢመለስ «ድካሜ ሁሉ ከንቱ ሆነ» ብሎ ሕክምናውን የሚተው ብዙ ነውና፥ አስተዋይ ሐኪም ይህ ሊደርስ እንደሚችል ገና ከሕክምናው ሳይሰናበት ይነግረዋል፤ ለልምምዱም ሌላ ቀጠሮ ይሰጠዋል።