ትንሽ የሞተር ጀልባ ከውሃ ላይ ስትነሣ፤ ስለ ሚዛንዋና ስለ አነዳድዋ



በወገዳ ከተማ ቆሞ ስለ ሞተር ጀልባ መናገር ለሰሚው እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የአምባና የገደል አገር ናቸው፤ ዓባይና በሽሎም በግርጌያቸው የሚያልፉት ለሞተር ጀልባ በማይመች ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። በእስቴና በሞጣ መካከል ያለው ሰባራ ድልድይ ከተሰበረ በኋላ መንገደኛ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር እንደነበር የሚያስታውስ ሁሉ፣ የዚህ አገር ሰው ከውሃ ጋር ያለው ትውውቅ ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። ሆኖም ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ጣና ይገባሉ፤ በስማዳ ቁልቁለት የሚወርደውም ጎርፍ በዓባይ በኩል ወደ ንጋት ሐይቅ ይደርሳል። በእነዚህ ሐይቆች ላይ ጀልባ የማስገዛትና ሞተር የመምረጥ ሥራ ለደጋው መሐንዲስ ቢደርሰው አያስገርምም። ሥራው ሲደርሰው ደግሞ በመጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ጀልባዪቱ ስንት ሰው ትይዛለች የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን በወንበሩ ቁጥር አይገኝም።

ጀልባ ቀስ ብላ ስትሄድ የሚሸከማት የገፋችው ውሃ ነው። ፍጥነትዋ ሲጨምር የምታስነሣው ማዕበል እየረዘመ ይሄዳል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ (እ.ኤ.አ. 1810-1879) በሞዴሎች እየፈተነ በመረመረው ሕግ መሠረት፣ 5 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ የማዕበልዋ ርዝመት ከራስዋ ርዝመት ጋር እኩል ይሆናል። ከዚህ ወዲያ ስትፈጥን ኋላዋ በማዕበሉ ሸለቆ ውስጥ ይወድቃል፤ ፊትዋ ወደ ሰማይ ይቀናል። ራስዋ በሠራችው ዳገት ላይ ትወጣለች ማለት ነው። በቂ ጉልበት ካላት ዳገቱን ታልፋለች፤ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ውሃው ከወለልዋ በታች እየተመታ ወደ ላይ ያነሣታል፤ ፊትዋ ዝቅ ይላል፤ የውሃው ተቃውሞ ይቀላል፤ ጀልባዪቱም በውሃው ገጽ ላይ ትንሸራተታለች። በቂ ጉልበት ከሌላት ግን በዳገቱ ወገብ ላይ ተንጠልጥላ ትቀራለች።

የሚዛኑ ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጀልባ ስትንሸራተት ከውሃው ጋር የሚነካካው የወለልዋ ክፍል እየጠበበ ስለሚሄድ፣ የሚያነሣት ግፊት የሚያርፍበት ነጥብ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህ ነጥብና የክብደትዋ ማዕከል መስማማት አለባቸው። በአሜሪካ የስቲቨንስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ዳንኤል ሳቪትስኪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ለማስላት የሚያስችል ዘዴ ሰጥተዋል፤ ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። ከሂሳቡ የሚገኘው መልካም ዘንበልታ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ጀልባዪቱ ዳገቱን ለመውጣት ትቸገራለች፤ ብትወጣም ፊትዋ እየተነሣና እየወደቀ እንደ ደንጋጭ በቅሎ ትዘላለች። ወደ ፊት ካደላ ደግሞ አፍንጫዋ ውሃውን እየቆፈረ ነጂው ሳያዛት ወደ ጎን ትታጠፋለች፤ ከሁለቱ የከፋው ይህኛው ነው። በቅሎ ጭኖ የጋይንትን ቁልቁለት የወረደ ሰው ይህን ያለ ሂሳብ ያውቀዋል፤ ጭነቱ ሜዳ ላይ የተስተካከለ ቢሆንም ዳገት ላይ ወደ ኋላ፣ ቁልቁለት ላይ ወደ አንገት ይንሸራተታል። ጀልባ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ታሳልፋለች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ጣና ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ አየሩ የሳሳ ስለሆነ በራሱ አየር የሚስብ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። በሞተሩ ክዳን ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈው ጣና ላይ 33 ገደማ ነው። ለምሳሌ ጀልባዪቱ ከሞተርዋ፣ ከነዳጅዋና ከዕቃዋ ጋር 450 ኪሎ ብትመዝንና እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ የሚመዝኑ ስድስት ሰዎች ቢሳፈሩባት፣ ጠቅላላው 840 ኪሎ ይሆናል። በባሕር ዳርቻ አገር ለአንድ የፈረስ ጉልበት 21 ኪሎ ይደርሳል፤ ጣና ላይ ከ25 ኪሎ በላይ። ትንሽ ጀልባ ያለ ችግር እንድትነሣ ለአንድ የፈረስ ጉልበት ከ20 እስከ 25 ኪሎ እንዲሆን በልማድ ይገመታልና፣ ያችው ጀልባ በአንዱ ስፍራ ትበራለች፤ በሌላው ዳገቱ ላይ ትቀራለች። ሻጩ አልዋሸም፤ ወረቀቱም ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ከፍታውን ያልጠየቀው ገዢ ነው።

ዳገቱ ላይ የቀረች ጀልባ ነዳጅ ብቻ የምታባክን ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀ ነበር። ፊትዋ ስለተቃና ነጂው ከፊት ለፊቱ ያለውን ውሃ አያይም። የማይታየው ስፍራ ባዶ አይደለም። ጣና ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ፣ እንጨት የሚያመላልስ ሰው አለ፤ ታንኳው ከውሃው ከፍ የሚለው በጥቂቱ ነው፤ ቀለሙም ከውሃው ቀለም እምብዛም አይለይም። በዚያም ላይ ጀልባ ትልቁን ማዕበል የምታስነሣው ስትዘገይ ወይም ስትፈጥን ሳይሆን በዚሁ መካከለኛ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ነጂው «ለጥንቃቄ ብዬ በመካከለኛ ፍጥነት ነው የምሄድ» ሲል፣ ለራሱ ተጠንቅቆ ሊሆን ይችላል፤ ለታንኳው ግን ከሁሉ የባሰውን መርጧል። ከታንኳ አጠገብ የሚያልፍ ጀልባ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በታች መሄድ፣ ወይም በቂ ርቀት ትቶ ተነሥቶ ማለፍ አለበት።

አነዳዱን በተመለከተ፣ ተሳፋሪው ቦታውን የሚይዘው ነዳጅ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ከባድ ዕቃና ሁለት ሰው ወደ መካከል ቢጠጉ ብዙውን ጊዜ ዳገቱ ይቀላል። ነጂው ነዳጁን ሳያመነታ ይሰጣል፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ጀልባዪቱ ከተነሣች በኋላ ነዳጁን ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ፎቶግራፍ ላንሣ ብሎ ቢቆም ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ይህ ደግሞ የተለመደ ነው። የጎኑም ሚዛን መዘንጋት የለበትም፤ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ የሚዞር ፕሮፔለር ጀልባዪቱን ወደ ግራ ስለሚያጋድል ነጂው በቀኝ በኩል ቢቀመጥ ይመረጣል።

ከመንሸራተት መውረድም እንደ መነሣቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነዳጁ በድንገት ከተዘጋ ኋላዋ ይሰምጣል፤ ከኋላ የሚከተላት ማዕበልም ደርሶ በሞተሩ በኩል ይገባል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ርብና ጉማራ ደለል በሚጥሉበት ስፍራ፣ በፍጥነት ሳትነካ የምታልፈው ጀልባ ስትዘገይ ፕሮፔለርዋ ጭቃ ይመታል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ጀልባዪቱን ነጂው ሳያስብ ያወርዳታል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በመጀመሪያ ለከፍታው የሚስማማ፣ በአንድ ዙር የሚራመደው ርቀት አጠር ያለ ፕሮፔለር ይገጠማል፤ አንድ ወይም ሁለት ኢንች መቀነስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጀልባዪቱ ሙላቱ 640 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሆነው ንጋት ሐይቅ ከተዛወረች ግን ሞተሩ ከልኩ በላይ እንዳይዞር ፕሮፔለሩ እንደገና ይለወጣል። ከዚያም ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ታንኳ በሌለበት ስፍራ፣ በሰው ምትክ 65 ኪሎ የሚመዝኑ የአሸዋ ጆንያዎች በየወንበሩ ተጭነው ይሞከራል። ጆንያ ፎቶግራፍ ለማንሣት ስለማይቆም ፈተናው ከእውነተኛው ጉዞ ይቀላል፤ ይህም በሂሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ጀልባዪቱ ካልተነሣች አንድ ጆንያ ይወርዳል፤ ዳግመኛም ይሞከራል። ያለ ጭንቀት በተነሣች ጊዜ ጆንያዎቹ ይቆጠራሉ፤ ከቁጥሩ ላይ አንድ ይቀነስና የቀረው ተሳፋሪ ሁሉ ሊያየው በሚችልበት በጀልባዪቱ ጎን ላይ በቀለም ይጻፋል።