የጎደለን ልጅ አይደለም፣ ክለብ ነው

በምሩቃን ማህበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ስለ ስፖርት አንድ ነገር ተናገሪ፣ ግን አታርዝሚው» ብለውኛል። የስፖርት አስተማሪ ፊሽካ ሲነፋ ማቆም ያውቃልና አትስጉ።

የማነሳው የሴቶች እግር ኳስን ነው። በአንዲት ተማሪዬ ልጀምር። ስሟን አልጠራም። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምራት ግብ ጠባቂ ነበረች። ጠዋት ውኃ ቀድታ፣ ለእናቷ ቤት ጠርጋ ነው የምትመጣው፤ በገበያ ቀን ደግሞ ድንች ትሸጣለች። ኳስ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ናት። ለውድድር ተመረጠች፣ አሥር ቀን ያህል ልምምድ ሠራች፣ ሄዳ ተጫወተች፣ ተመለሰች። ማልያዋን አጥባና አጣጥፋ አስረከበች። ከዚያ ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰላችሁ? «ቲቸር፣ ቀጣዩ ልምምድ መቼ ነው?»

የምመልስላት አልነበረኝም። ቀጣይ ልምምድ የሚባል ነገር አልነበረም። ውድድሩ አለቀ፣ ቡድኑም አብሮ አለቀ። «የሚመጣው ዓመት» አልኳት። በሚመጣው ዓመት ግን እሷ አልነበረችም። ባለፈው ባሕር ዳር አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ምሳ ስጠብቅ፣ ልታዘዝ ብላ የመጣችው እሷ ሆነች። ሥራዋን እያመሰገነች ነግራኛለች፤ ሥራ ክብር ነው። ልወጣ ስል ግን ጠጋ ብላ «ጓንቴ እኮ አሁንም አለ» አለችኝ።

እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ይህንን ነው። በአዊ ኳስ የምትጫወት ልጅ አልጠፋችም። የጠፋው ልጅቷ ነገ የምትመለስበት ቦታ ነው። የጎደለን ልጅ አይደለም፣ ክለብ ነው።

ቡድንና ክለብ አንድ ይመስሉናል። ቡድን ለውድድር ይሰበሰባል፤ ሲያልቅ ይበተናል። ክለብ ግን ተሸንፎም ይመለሳል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንን ታውቁታላችሁ። በ2013 መጨረሻ ኬንያ ላይ በተካሄደው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የክለቦች ማጣሪያ ለፍጻሜ ደርሶ በቪሂጋ ክዊንስ 2 ለ 1 ተሸነፈ። በነሐሴ 2015 ኡጋንዳ ላይ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ በታንዛኒያው ጄኬቲ ክዊንስ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈ። በነሐሴ 2016 ውድድሩ አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ሲመጣ የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። በኅዳር 2017 ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተጫወተ። ከምድቡ አላለፈም፤ ግን እዚያ ደረሰ።

ሁለት ፍጻሜ ተሸንፎ በሦስተኛው ያሸነፈው ለምንድን ነው? ከሽንፈቱ በኋላ የሚመለሱበት ሜዳ፣ የሚጠብቃቸው አሠልጣኝና የሚከፈል ደመወዝ ስለነበረ ነው። እንደኛ ቡድን ቢሆን ኖሮ ከኬንያ እንደተመለሰ ማልያው ታጥቦ ዕቃ ቤት ይገባ ነበር።

የተጫዋቾቹንም መንገድ ተመልከቱ። ሎዛ አበራ የዱራሜ ልጅ ናት። ዱራሜ ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ የተለየ ትልቅ ከተማ አይደለም። ሐዋሳ ተጫወተች፣ ደደቢት ተጫወተች፣ ወደ ስዊድን ሄደች፣ ማልታ ላይ ለቢርኪርካራ ተጫውታ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነች፣ ተመልሳ በንግድ ባንክ ተጫወተች፣ በ2016 ደግሞ አሜሪካ ገብታ ለዲሲ ፓወር ፈረመች። ተሰጥኦ አላት፤ አይካድም። ግን በየደረጃው ተቀብሎ የሚያሳድራት ክለብ ባይኖር ኖሮ እሷም ዛሬ «ጓንቴ አለ» እንዳለችው ልጅ «ታኬታዬ አለ» ትል ነበር።

ብሔራዊ ቡድናችንም ያው ነው። ሉሲዎቹ በመስከረም 1997 ደቡብ አፍሪካ ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው አራተኛ ሆነው የተመለሱ ናቸው። ለደረጃ ከጋና ጋር ተጫውተው የተሸነፉት በፍጹም ቅጣት ምት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ ጥቅምት 2005 ጠብቀናል። ከላይ ያለው ቡድን ከታች በሚመጣው ይወሰናል። ከታች ደግሞ መሰላሉ ተሰብሯል።

የትኛው ደረጃ ላይ? ይህን ለማስረዳት እዚህ አገር ብዙ የማይታወቅ ጨዋታ ላንሳ፤ ራግቢ። አውስትራሊያ ውስጥ ራግቢ ሊግ የሚባለው ዓይነት እንደኛ እግር ኳስ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ነው። የሴቶች ብሔራዊ ሊጋቸው የተጀመረው ቅርብ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በአራት ክለቦች ብቻ። በ2023 አሥር፣ በ2025 አሥራ ሁለት ክለብ ደረሰ። ቁጥሩ እንዲህ ሲጨምር ተጫዋች ከየት መጣ? ከብሔራዊው ሊግ ሥር በኒው ሳውዝ ዌልስና በኩዊንስላንድ ክልል ደረጃ የሚካሄዱ የሴቶች ውድድሮች አሉ። የሰፈርና የከተማ ክለቦች እዚያ ይጫወታሉ። ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ ወደ ብሔራዊው ሊግ ዘልላ አትገባም፤ መሃል ላይ የምትቆምበት ደረጃ አላት።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከላይ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግና ከሱ ሥር ያለው ከፍተኛ ሊግ አሉን። ከክልላችንም ባሕር ዳር ከተማ በሊጉ ተሳትፏል። ከታች የትምህርት ቤት ውድድር አለን፤ ዞኖች የሚገናኙበት የመላ አማራ ጨዋታም አለ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ግን የቀናት ጨዋታዎች ናቸው። መሃሉ ባዶ ነው። የከተሞች ክለቦች በየሳምንቱ፣ በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ የሚገናኙበት ክልላዊ ሊግ ለሴቶች የለንም። በዚያ ላይ የላይኛው ሊግ ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው ጨዋታቸውን ሲጨርሱ አይተናል። ወጪ ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ግን የአዲስ ቅዳም ልጅ አንድ ጎበዝ ተከላካይ በዓይኗ የምታየው የት ነው?

«በዚህ ጊዜ ስለ ኳስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ክልላችን ባለፉት ዓመታት ያየውን ሁላችንም አይተናል፤ መንገዱም ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ከርሟል። ግን ልጆቹ ማደጋቸውን አላቆሙም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሁኔታው እስኪስተካከል አሥራ አምስት ዓመት ላይ አትጠብቀንም።

ሌላም የሰማሁት መልስ አለ፤ «ወላጅ አይፈቅድም» የሚል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የአንዷን ተማሪ አባት ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው። «ኳሱን አልጠላሁትም፤ ማታ ማን ያመጣታል?» ነው ያሉኝ። ይኸውላችሁ፣ ባህል ያልነው ነገር የመጓጓዣና የሰዓት ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ልምምዱ ከ10 ሰዓት በፊት ቢያልቅ፣ ልጆቹ በቡድን ቢመለሱ፣ አንዲት ሴት ኃላፊ አብራ ብትሆን አባትየው እንቢ አላሉም። ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ የሚዘጋ ሽንት ቤት፣ የንጽህና መጠበቂያ የሚቀመጥበት ሳጥንም እንዲሁ ናቸው። ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ልጅቷን ሜዳ የሚያስቀሯትም እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ማን ያድርገው? ብዙ ጊዜ ዓይናችን ባንክ፣ መንግሥት ወይም ባለሀብት ላይ ነው። አሁን ካፍ በወንዶች አህጉራዊ ውድድር የሚሳተፍ ክለብ የሴቶች ቡድን እንዲኖረው መስፈርት ስላደረገ ትልልቆቹ ክለቦች መንቀሳቀሳቸው አይቀርም። ነገር ግን በአንድ ባለቤት ትከሻ ላይ ያለ ክለብ ባለቤቱ ሲደክም አብሮ ይወድቃል። ሴቶቹ በተከታታይ ዋንጫ ያነሱለት ደደቢት ዛሬ በሊጉ የለም።

እኛ ግን እዚሁ ደጃችን የተሻለ ምሳሌ አለን። ጥር 23 እንጅባራ ተገኝታችሁ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያላየ ያለ አይመስለኝም። ማህበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው። ስንት መንግሥት ተቀያየረ፣ ማህበሩ አለ። ማን ይከፍለዋል? አባላቱ ናቸው። እያንዳንዱ ፈረሱን ራሱ ይቀልባል፣ ኮርቻውን ራሱ ያሰናዳል። በየቀበሌው አለቃ አለው፣ ደንብ አለው። ሰርግም ኀዘንም ላይ ፈረሰኛው ይገኛል፤ ስለዚህ ማህበሩ የአንድ ቀን ትርዒት ሳይሆን የኑሮ አካል ሆነ። እስቲ ንገሩኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ፈረስ የሚቀልብ ሕዝብ አሥራ አምስት ጥንድ ታኬታ ያቅተዋል?

የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ አይደለም። አራት ከተሞች፤ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ቻግኒ። አራት የሴቶች ክለቦች። ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ቢጫወት በጠቅላላው 12 ጨዋታ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክለብ 6፣ ሦስቱ በራሱ ሜዳ። የእንጅባራን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ክረምት ሜዳው ጭቃ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት ብናደርገው አጨዳውም አልፎ፣ መሬቱም ደርቆ ይጠብቀናል። ከእንጅባራ ዳንግላ በዋናው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ ቅዳም መሃል ላይ ናት። ጠዋት ወጥቶ ለማታ ቤት መግባት ይቻላል። የአባትየውም ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሕግ ያጠናችሁ መተዳደሪያ ደንቡን ጻፉልን። ሂሳብ ያጠናችሁ መዝገቡን ያዙልን፤ በየዓመቱም እዚሁ መድረክ ላይ ሂሳቡን አንብቡልን። ጤና ላይ ያላችሁ በየጨዋታው አንድ ሰው መድቡልን። መምህሮቻችን ደግሞ፣ የስፖርት ተማሪዎቻችሁ የተግባር ልምምዳቸውን በእነዚህ ክለቦች ቢሠሩ አሠልጣኝ አገኘን፤ እነሱም ወረቀት ላይ ያለውን ሜዳ ላይ አዩት። መዋጮው ትንሽ ይሁን፤ አዋጪው ግን ብዙ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። አንድ ሰው ብዙ ሰጥቶ ቢሄድብን ክለቡ ይፈርሳል፤ ብዙ ሰው ጥቂት እየሰጠ አንዱ ቢጎድል ግን ክለቡ አይፈርስም።

ውድድሩ የሚቀጥል ከሆነ ሌሎች ዞኖችም ማየታቸው አይቀርም። ያኔ ክልላዊ ሊግ ስጡን ብለን ስንጠይቅ ባዶ እጃችንን አንቆምም፤ የሚጫወቱ ክለቦች ይዘን ነው የምንቆመው።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ መመዝገቢያ ደብተር አለ። ስማችሁንና በምን እንደምታግዙ ብቻ ጻፉ። የሚመጣው ዓመት ስንገናኝ የምለካው በጭብጨባው ሳይሆን በደብተሩ ነው።

ያቺ ግብ ጠባቂዬ አሁን ዕድሜዋ ገፍቷል ማለት አልችልም፤ ገና ናት። ሜዳ ባትመለስ እንኳ አሠልጣኝ ልትሆን ትችላለች። የዚህኛው ዓመት ዘጠነኛ ክፍሎች ግን አሁን ክፍል ውስጥ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ማልያዋን አጥባ «ቲቸር፣ ቀጣዩ ልምምድ መቼ ነው?» ብላ ትመጣለች። እኔም ያን ጊዜ «ሐሙስ፣ 8 ሰዓት ላይ» ብዬ መመለስ እፈልጋለሁ።