ጠበቃውን ማን ያዝዘዋል?

ልጇ የተጠለፈችባት እናት ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥታ ነፃ ጠበቃ አገኘች እንበል። ጠበቃውን የመደበላትን ማኅበር ማን ነው የሚመራው?

በጠለፋ የተወሰደችውን የአበራሽ በቀለን ጉዳይ ይዞ የተሟገተውን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን እንውሰድ። የበላዩ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ከሥሩ ቦርድ፣ ለዕለት ሥራው ደግሞ ዳይሬክተር። ከመሥራቾቹ አንዷና የቀድሞ ዳይሬክተሩ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ከ2011 እስከ 2015 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ቦርድ የሚፈተነው፣ በእኔ ግምት፣ ካዝና ሲሳሳ ነው። በ2001 የወጣ አዋጅ በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙት ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። የትኛው ቢሮ ይታጠፍ? የትኛዋ ባለጉዳይ ትጠብቅ? አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው።