የቦይል ሕግና የምትዘነጋው ሐረግ
(በአዳማ ከተማ ለሳይንስ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለማናችሁም አዲስ አይደለም። የአንድ የተወሰነ ጋዝ መጠነ ሙቀት ሳይለወጥ ግፊቱ ሲጨምር ይዘቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ይዘቱ ግማሽ ይሆናል፤ የሁለቱ ብዜት ግን እንዳለ ይኖራል። ይህን ሕግ በሰሌዳ ላይ ያልጻፈ መምህር በመካከላችን ይገኛል ብዬ አልገምትም። የንግግሬ ዓላማም ሕጉን ደግሞ ማስተማር ሳይሆን፣ ከሕጉ ፊት የቆመችውንና ብዙ ጊዜ በችኮላ የምናልፋትን «መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ» የምትለዋን ሐረግ ማሳሰብ ነው። ይህች ሐረግ ስትዘነጋ ስሌታችን ይስታል፤ አንዳንድ ጊዜም የስሕተቱ ዋጋ የሰው ሕይወት ይሆናል።

የአየርላንዱ ተወላጅ ሮበርት ቦይል ይህን ግንኙነት ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1662 ነው። መሣሪያው አጭሩ ጫፉ የተደፈነ የታጠፈ የብርጭቆ ቱቦ ነበር፤ በረጅሙ በኩል ባዜቃ እየጨመረ፣ በአጭሩ በኩል የታሰረው አየር እንዴት እንደሚጨመቅ ለካ። ከዐሥር ዓመታት በላይ ቆይቶ ፈረንሳዊው ኤድም ማርዮት ከቦይል ተለይቶ ወደዚያው ሕግ ደረሰ። ማርዮት ሕጉ የሚጸናው መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ መሆኑን አስገንዝቧልና፣ ፈረንሳዮች ሕጉን በእርሱ ስም ቢጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የሐረጓ ምክንያት ከጋዝ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ግፊት ማለት ስፍር ቍጥር የሌላቸው ሞለኪውሎች የዕቃውን ግድግዳ ሲመቱ የሚፈጠረው ኀይል ነው። ቦታቸው በግማሽ ሲጠብ ግድግዳውን የሚመቱበት ጊዜ በእጥፍ ይበዛል፤ ስለዚህ ግፊቱም እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ጋዙ ቢሞቅ ሞለኪውሎቹ ይፈጥናሉ፤ ቦታው ሳይጠብ፣ አንድም ሞለኪውል ሳይጨመር፣ ግፊቱ ብቻውን ያድጋል። ግፊት ጨመረ ሲባል «ቦታው ጠብቦ ነው ወይስ ጋዙ ሞቆ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በአዳማ ደግሞ ወደ 83 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን ባለ አንድ ሊትር የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ ባዶውን አዲስ አበባ ላይ አጥብቆ ዘግቶ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ አዳማ የወረደ መንገደኛ፣ ጠርሙሱ ጎድጉዶ ያገኘዋል። በሕጉ መሠረት የታሰረው አየር ወደ 930 ሚሊ ሊትር ይጠባል። ወደ መተሐራ ቍልቍል ቢቀጥል ይበልጥ ይጨመቃል። በተቃራኒው አዳማ ላይ የታሸገ የቺፕስ ከረጢት አዲስ አበባ ሲደርስ ይነፋል።

ሆኖም አንድ ጠንቃቃ ተማሪ ይህን ጠርሙስ ለክቶ 930 ሳይሆን 960 ሚሊ ሊትር ያህል ቢያገኝ፣ «ተሳስተሃል» ልንለው አይገባም። ጠርሙሱ በጠዋት በ16 ዲግሪ ተዘግቶ እኩለ ቀን ላይ በ27 ዲግሪ ከተለካ፣ ሙቀቱ አየሩን መልሶ ያሰፋዋል። የሳተው ተማሪው ወይም ሕጉ ሳይሆን የተዘነጋችው ሐረግ ናት።

በክፍል ውስጥም ቢሆን ቤተ ሙከራ የለንም ብለን ሕጉን በቃል ብቻ ማለፍ የለብንም። መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ጫፉን ደፍኖ፣ በመግፊያው ላይ ክብደታቸው የታወቀ ዕቃዎችን እየደረደሩ ይዘቱን ማንበብ ይቻላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛው፣ አየር በድንገት ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ የመንፊያው ግርጌ ሲግል ያውቀዋል። ስለዚህ ክብደቱ ከተጨመረ በኋላ አየሩ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጥቂት መታገሥ ያሻል። ሁለተኛው፣ በሲሪንጁ ውስጥ ያለውን አየር የሚጫነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የከባቢው አየርም ጭምር ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ መጽሐፍ ለዚህ 101 ኪሎ ፓስካል ይሰጣል፤ ይህ ቍጥር የባሕር ወለል ነው። የአዳማ ተማሪ 83ን ትቶ 101ን ከደመረ፣ ብዜቱ በየመስመሩ እየተለወጠ ያስቸግረዋል፤ ጥፋቱንም በራሱ እጅ ላይ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልለፍ። የኮቪድ-19 ወረርሽኝ የኦክስጂን ሲሊንደር ምን ያህል ውድ ዕቃ እንደሆነ ለሁላችንም አሳይቶናል። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት ሲሞላ፣ በሕጉ መሠረት 40 በ150 ተባዝቶ ወደ 6,000 ሊትር የሚተነፈስ ኦክስጂን ይይዛል ማለት ነው። ለአንድ ሕመምተኛ በደቂቃ 5 ሊትር ቢሰጥ ለ20 ሰዓት ያህል ይበቃል። መለኪያው 50 ባር ሲያሳይ 2,000 ሊትር ቀርቷል፤ ይኸውም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ይህን ቀላል ማባዛት የሚያውቅ ባለሙያ ተተኪው ሲሊንደር መቼ መድረስ እንዳለበት በእርግጠኝነት ይናገራል። ሪፈር ተጽፎለት ከባቱ ወይም ከአርሲ ነገሌ በአምቡላንስ ለሚጓዝ ሕመምተኛ ይህ ስሌት የመንገድ ስንቁ ነው።

ያው ሲሊንደር ግን በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ላይ ቆሞ ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ቢሞቅ፣ 50 ባር ያሳይ የነበረው መለኪያ ከ54 በላይ ያሳያል። ኦክስጂን ግን አልተጨመረም። መለኪያውን ብቻ አምኖ የሚያሰላ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚሆን፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የሌለ ትንፋሽ ለሕመምተኛው ቃል ገባለት ማለት ነው። ስለዚህ ሲሊንደር በጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ከስሌቱም ላይ ሁልጊዜ መጠባበቂያ ይቀነስ የሚባለው ለወግ አይደለም።

ሌላም ወሰን አለ። በየቤቱ ያለው የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ከኦክስጂኑ ጋር ቢመሳሰልም ጠባዩ ሌላ ነው። በውስጡ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ከላይ ያለው ጋዝ በወጣ ቍጥር ከፈሳሹ ተንኖ ይተካል። መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ ቢቀር እንኳ ፈሳሹ ተሟጦ እስኪያልቅ ግፊቱ ያው ነው፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። የቀረውን ለማወቅ ግፊትን መለካት ሳይሆን ሲሊንደሩን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይገባል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳት ማጥፊያም እንዲሁ በክብደቱ ይመረመራል። የቦይል ሕግ የጋዝ ሕግ ነው፤ ሲሊንደር ሁሉ ደግሞ ጋዝ ብቻ አይይዝም።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ዛሬ በወንበር ላይ የተቀመጠው ተማሪ ነገ በሆስፒታል የኦክስጂን መለኪያ የምታነብ ነርስ፣ ወይም የከባድ መኪና ጎማ የሚነፋ ጎሚስታ ሊሆን ይችላል። ቀመሩን ብቻ ከያዘ ለፈተና ይበቃዋል። ቀመሩ የሚጸናበትን ሁኔታ ከያዘ ግን መለኪያው ሲናገር «በምን ሙቀት? በየትኛው ከፍታ? ውስጡ ያለውስ ጋዝ ነው ወይስ ፈሳሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ በምናወጣው ፈተና ሁሉ ከስሌቱ ጐን «ሕጉ እዚህ ላይ ይሠራልን?» የሚል አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ መልሱ «አይሠራም» የሚሆንበትንም ምሳሌ አንንፈጋቸው።